ከባዱ ትራንስፈር ኬዝ ምን ላይ ይቀመጣል?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ከፊት የተቀመጣችሁ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቁራጭ ብረት ሳታዩት አትቀሩም። አሁን ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ሁላችሁም ዳስሱት። የአንድ ካምቢዮ ቀፎ የኋላ ጆሮ ነው፤ ትራንስፈር ኬዙ፣ ማለትም የካምቢዮውን ጉልበት ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው ሣጥን፣ በቡሎን የሚታሰርበት ቦታ። የተሰበረበትን ፊት ወደ ብርሃን አዙሩት። ከቡሎኑ ቀዳዳ አጠገብ ያለው ክፍል ለስላሳና የጠቆረ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሻካራና የሚያብረቀርቅ። ለስላሳው ክፍል ቀስ በቀስ ለወራት ሲሰነጠቅ የቆየው ነው፤ የሚያብረቀርቀው በመጨረሻው ቀን ባንድ ጊዜ የተገነጠለው።

የመኪናው ባለቤት ግዴለሽ ሰው አልነበረም። የቀድሞው ባለ ሰንሰለት ትራንስፈር ኬዝ ሰንሰለቱ ተለጥጦ መዝለል ስለጀመረ አወጣውና በጥርስ ብቻ የሚሠራ፣ ቀፎው ጊዛ (በቅርጽ የተፈሰሰ ብረት) የሆነ ከባድ ትራንስፈር ኬዝ ገዛ። ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘውን አዳፕተር ቶርኖ ቤት አስጠርቦ ሁለቱን አጋጠመ። ከወራት በኋላ ድንጋያማ ዳገት ላይ ይህ ጆሮ ተገነጠለ። እኔ ጋ ሲመጣ ትራንስፈር ኬዙን ፈትቼ አየሁት። ጥርሶቹ ላይ ጭረት የለም፣ ኩሽኔታዎቹም እንደ አዲስ ይዞራሉ። የሞተሩ ሱፖርቶች ግን ከፋብሪካ የመጡት ለስላሳ ላስቲኮች ነበሩ፤ እነሱም አርጅተዋል። ከኋላ ደግሞ ትራንስፈር ኬዙ ከሻንሲው አግዳሚ ብረት ጋር ያለ ላስቲክ፣ ብረት ለብረት ታስሯል። ነዳጅ በተሰጠ ቁጥር ሞተሩ ወደ ጎን ያዘነብላል፤ ትራንስፈር ኬዙ ንቅንቅ አይልም። በመካከላቸው ያለው የካምቢዮ ቀፎ እንደታጠበ ልብስ ሲጠመዘዝ ከረመ።

ስለዚህ ዛሬ ብዙውን ጊዜ የምወስደው ስለ መቀመጫው ለመናገር ነው። ከባድ ትራንስፈር ኬዝ የሚፈልግ ሰው ስለ ጥርሱ፣ ስለ ሎው ሬንጁ፣ ስለ ክብደቱ ብዙ ይጠይቃል፤ ጥሩ ነው፣ ይጠይቅ። የትኛው ብረት ላይ፣ በስንት ቦታ፣ በምን ላስቲክ ይቀመጣል ብሎ የሚጠይቀኝ ግን ከስንት አንድ ነው። ይህ ጥያቄ ካልተመለሰ ከባዱ ዕቃ የሚያመጣው ጉልበት የሚሄድበት ቦታ ያጣና ደካማውን ፈልጎ ይሰብራል።

ስለ ዕቃው ራሱ ጥቂት ልበል። ትራንስፈር ኬዝ ከካምቢዮ የመጣውን ጉልበት ለፊትና ለኋላ ዲፈረንሻል ያካፍላል፤ ሎው ሲገባ ደግሞ ዙሩን ቀንሶ ጉልበቱን ያባዛል። ጉልበቱን ወደ ፊት የሚያሻግረው በሰንሰለት ወይም በጥርስ ነው። በጂፕ ቸሮኪና ራንግለር ላይ የምናውቀው ኤን ፒ 231 ባለ ሰንሰለት ነው፤ ቀፎው አሉሚኒየም፣ ሎው ሬንጁ 2.72 ለ 1። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1980 እስከ 1986 በጂፕ ሲ ጄ ላይ የነበረው ዳና 300 በጥርስ የሚሠራ፣ ቀፎው ጊዛ፣ ሎው ሬንጁ 2.62። የአሜሪካ ፒካፖች የተሸከሙት ኤን ፒ 205 ጊዛ ሆኖ 60 ኪሎ ግራም አካባቢ ይመዝናል፤ ሎው ሬንጁ ግን 1.96 ብቻ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይገረማል፤ ጠንካራ ማለት ዝግተኛ ማለት ይመስለዋል። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለዚህም ነው የኤን ፒ 203ን የሎው ክፍል ቆርጠው ከ205 ፊት የሚገጥሙት። የ203ቱ 2 በ205ቱ 1.96 ሲባዛ ወደ 4 ይጠጋል፤ ጥንካሬውም ዝግታውም ባንድ ላይ ይገኛል፣ ርዝመትና ክብደት ግን ይጨምራል። የላንድ ሮቨሩ ኤል ቲ 230 ደግሞ በጥርስ የሚሠራ ሆኖ መካከለኛ ዲፈረንሻል በውስጡ አለው፤ ሎው ሬንጁ 3.32 ነው። ሰንሰለትን አልንቅም። ጤነኛ ሰንሰለት ጸጥ ያለና ቀላል ነው፣ ለብዙ መኪና ይበቃል። ሎው ሬንጅ ተጨምሮ፣ ትልቅ ጎማ ተጨምሮ፣ ትልቅ ሞተር ተጨምሮ ሲመጣ ነው ወደ ጥርስ የምንሄደው።

አሁን ሒሳቡን ሰሌዳው ላይ እንሥራው፤ ቀላል ማባዛት ነው።

ሞተሩ 400 ኒውተን ሜትር ይስጠን። የካምቢዮው አንደኛ ማርሽ 4 ለ 1 ይሁን። ከካምቢዮ ሲወጣ 1,600 ኒውተን ሜትር ሆነ። ትራንስፈር ኬዙ ሎው ላይ 3 ለ 1 ከሆነ ወደ ካርዳኖቹ፣ ማለትም ጉልበቱን ወደ ዲፈረንሻሎቹ ወደሚወስዱት ዘንጎች፣ የሚወጣው 4,800 ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል። የሚረሳው ይህ ነው፦ 1,600 ገብቶ 4,800 ከወጣ፣ በመካከል ያለውን 3,200 ማን ያዘው? ቀፎው ነው። ዘንጉን ወደ አንድ ጎን በዚያ ጉልበት የሚያዞር ሣጥን፣ ካልተያዘ በቀር ራሱ በዚያው ጉልበት ወደ ተቃራኒው ጎን ይዞራል። ቁልፍ በእጃችሁ ይዛችሁ ዳዶ ስታጠብቁ ያልታሰረው ዕቃ አብሮ እንደሚዞር ማለት ነው።

በዚሁ ሒሳብ ሞተሩ ራሱ 400 አጸፋ አለበት፤ ካምቢዮው 1,600 ሲቀነስ 400፣ ማለትም 1,200፤ ትራንስፈር ኬዙ 3,200። ደምሩት፦ 4,800። ሦስቱ ባንድ ላይ የታሰሩ ከሆነ ይህን 4,800 የሚይዙት የሞተሩ ሱፖርቶችና የኋላው ሱፖርት ናቸው። ከሦስቱ ድርሻ ሁለት ሦስተኛው ከኋላ፣ ከትራንስፈር ኬዙ እንደሚነሣ ልብ በሉ። ፋብሪካው ግን ብዙ ጊዜ ሰፊና ጠንካራ ሱፖርት ያስቀመጠው ከፊት፣ ሞተሩ ጎንና ጎን ነው። ከኋላ ያለው አንድ ጠባብ ላስቲክ ሥራው ክብደት መሸከም እንጂ ጥምዘዛ መያዝ አይደለም። ስለዚህ ያ 3,200 ከትራንስፈር ኬዙ ተነሥቶ በአዳፕተሩ፣ በካምቢዮው ቀፎ፣ በፍሪሲዮኑ ቤት አልፎ የሞተር ሱፖርት ላይ ደርሶ ነው ሻንሲ የሚያገኘው። የያዛችሁት ቁራጭ በዚህ መንገድ ላይ ከነበሩት አንዱ ነው።

ቡሎኖቹን እንያቸው። አዳፕተሩ ላይ 6 ቡሎን ቢኖርና ከመሐል 8 ሴንቲ ሜትር ርቀው ቢቀመጡ፣ 3,200 ለ0.08 ሲካፈል 40,000 ኒውተን ይሆናል። ለእያንዳንዱ ቡሎን 6,700 ገደማ ደረሰው፤ ከ680 ኪሎ ግራም ክብደት ጋር የሚመጣጠን፣ ቡሎኑን ወደ ጎን የሚቆርጥ ግፊት። የቡሎን ሥራ ሁለት ፊቶችን ጨብጦ መያዝ ነው፤ ጎናዊ ግፊቱን የሚሸከሙት ልክ የገባ የመሐል ክብ እርከንና በጥብቅ የገቡ ፒኖች መሆን አለባቸው። ፒን የሌለው፣ ቀዳዳው ለመግጠም እንዲመች የሰፋ አዳፕተር ካያችሁ አትቀበሉት። ነዳጅ ሲሰጥ አንድ ጊዜ፣ ሲለቀቅ አንድ ጊዜ ትንሽ ይንሸራተታል፤ ከዚያ በኋላ ቡሎኑ በራሱ ይላላል። ለቡሎን የጥንካሬ ደረጃ 10.9 እመርጣለሁ፤ 8.8 ላይ ግን እርግማን የለብኝም፣ በልኩ ከጠበቀ ሥራውን ይሠራል። አሉሚኒየም ውስጥ የሚገባ ቡሎን የውፍረቱን እጥፍ ያህል ጥልቀት ጥርስ ይያዝ፤ 12 ሚሊ ሜትር ቡሎን ከሆነ 24 ሚሊ ሜትር። ጥብቀቱንም በቶርክ ረንች እንጂ በክንድ ስሜት አትለኩት።

እዚህ ላይ አንድ ሰው "ያ ሁሉ ጉልበት እኮ መቼም አይደርስም፤ ጎማው ቀድሞ ይንሸራተታል" ሊለኝ ይችላል። ትክክል ነው፣ ሒሳቡንም አብረን እናየዋለን። መኪናው 2,500 ኪሎ ግራም ይሁን፣ አራቱም ጎማ መሬት የነካ፣ መሬቱ በደንብ የሚይዝ ሆኖ የመያዝ ኃይሉ የክብደቱ 0.8፣ የጎማው ከመሐል እስከ መሬት ርቀት 0.4 ሜትር። ጎማዎቹ ሳይንሸራተቱ የሚችሉት 7,800 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ዲፈረንሻሉ 4 ለ 1 ከሆነ ከትራንስፈር ኬዙ የሚጠየቀው 2,000 አይሞላም። ሜዳ ላይ እውነቱ ይህ ነው። ነገር ግን ጎማው ሁለት ድንጋይ መካከል ከተሰነቀረ መንሸራተት አይችልም። አንዱ አክስል አየር ላይ ሆኖ ፎር ዊል ከገባ ደግሞ ሁሉም ጉልበት ወደ አንዱ ካርዳን ይሄዳል። በዚያ ላይ ፍሪሲዮን በድንገት ሲለቀቅ የሚመጣው የቮላኖው (የሞተሩ ከባድ መሽከርከሪያ ጎማ) ምት አለ፤ ጉልበቱ ለሞተሩ በዝርዝሩ ላይ ከተጻፈው ይበልጣል። ስለዚህ መቀመጫውን ስሠራ የምይዘው ትልቁን ቁጥር ነው፤ ሁለቱንም ካርዳን እያንዳንዱ ሙሉውን እንዲችል አድርጌ።

ትራንስፈር ኬዝ የሚታሰርበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ከካምቢዮው ጀርባ ላይ ተጋብቶ፤ በፈረንጆቹ 1940ዎቹ የነበረው ዊሊስ ጂፕ እንዲህ ነበር፣ ዛሬም አብዛኛው እንዲህ ነው። ሁለተኛው ከካምቢዮው ተነጥሎ፣ በአጭር ካርዳን እየተነዳ ብቻውን መቀመጥ ነው። ሱዙኪ ሳሙራይና ላዳ ኒቫ የዚህ ዓይነት ናቸው። ኒቫን የሠራ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፦ ትራንስፈር ኬዙ ከካምቢዮው ጋር መስመር ካልያዘ መኪናው በሙሉ ይንቀጠቀጣል፤ ቡሎኖቹን አላልቶ፣ ጥቂት ገፍቶ፣ አስተካክሎ ማጥበቅ የተለመደ ሥራ ነው። የተነጠለው ዓይነት ለካምቢዮው ቀፎ ምሕረት ነው፤ ያ 3,200 በእሱ ውስጥ አያልፍም። በቀጥታ ወደ ሻንሲ ይሄዳል። የትራንስፈር ኬዙ ሁለት ጎን ሱፖርቶች 40 ሴንቲ ሜትር ቢራራቁ፣ 3,200 ለ0.4 ሲካፈል 8,000 ኒውተን ነው። በአንዱ ጎን 800 ኪሎ የሚያህል ወደ ታች ይጫናል፣ በሌላው ጎን ያንኑ ያህል ወደ ላይ ይነቅላል። ወደ ላይ የሚለውን አስምሩበት። ሱፖርት ሲባል ሁሉም ሰው ከታች የሚሸከም ነገር ይታየዋል፤ በትራንስፈር ኬዝ ግን ግማሹ ሥራ እንዳይነሣ መያዝ ነው። ለዚህ ነው በቡሎን የተወጋ፣ ቢቀደድም የማይለያይ ላስቲክ የምፈልገው፤ በሙጫ ብቻ ሁለት ብረት መካከል የተጣበቀ ላስቲክ ከተላቀቀ የሚይዘው የለም።

ወደ አግዳሚው ብረት እንሂድ። እኔ የምከተለው ሥርዓት ሦስት ነጥብ ነው። የመስክ መኪና ሻንሲ ይጠማዘዛል፤ አንዱ ጎማ ጉድጓድ፣ ሌላው ድንጋይ ላይ ሲሆን ግራና ቀኙ እኩል አይሆኑም። ትራንስፈር ኬዝን በአራት ማዕዘን ብረት ለብረት ካሰራችሁት የጊዛው ቀፎ የሻንሲው አካል ይሆናል፤ ሻንሲው ሲጠማዘዝ እሱም እንዲጠማዘዝ ይጠየቃል፣ ጊዛ ደግሞ መጠማዘዝ አይወድም። ሁለት ሰፋ ብለው በጎን፣ አንድ በመሐል ከሆነ ግን ሻንሲው ይጠማዘዛል፣ ሣጥኑ ይረጋል።

የላስቲኩ ጥንካሬ ከፊት እስከ ኋላ አንድ ቤተሰብ ይሁን። ሞተሩ ላይ ለስላሳ ላስቲክ ካለ ኋላም ላስቲክ፤ ሞተሩ ላይ ፖሊዩሪቴን (ጠንካራው ሰው ሠራሽ ላስቲክ) ካለ ኋላም ፖሊዩሪቴን። ፊት ለስላሳ ኋላ ድፍን የመጀመሪያው ታሪካችን ነው። ተጋብቶ የሚታሰረው ትራንስፈር ኬዝ ከባድ ከሆነ፣ ከቀፎው ጎን ወደ ሻንሲው የሚሄድ አንድ የጥምዘዛ ክንድ እጨምራለሁ፤ ሁለት ጫፉ ላይ ቦኮላ ያለው፣ ርዝመቱ የሚስተካከል ዘንግ። ክብደት አይሸከምም፤ ሥራው ሣጥኑ ሊዞር ሲል መያዝ ብቻ ነው። የካምቢዮው ቀፎ ከሚቀበለው ጥምዘዛ ትልቁን ድርሻ ያወርድለታል። ይህን ክንድ ብዙ ጊዜ ሰዎች እንደ ጌጥ ያዩታል። እኔ ከአግዳሚው ቀጥሎ የምሠራው እሱን ነው።

አግዳሚው ተፈትቶ የሚወጣ ይሁን። ሻንሲው ላይ የተበየደ አግዳሚ ካምቢዮ ለማውረድ በመጡ ቁጥር በድንጋይ መቁረጫ ይቆረጣል፣ ተመልሶ ይበየዳል፣ ሻንሲው ይደክማል። ጆሮውን በይዱ፣ አግዳሚውን በቡሎን እሰሩ። የሻንሲው ብረት ሣጥን ከሆነ ቡሎኑ በሚያልፍበት ውስጡን የሚሞላ ቱቦ አስገቡ፤ ያለዚያ ሲጠብቅ ሣጥኑ ይጨፈለቃል። በሻንሲው የላይኛና የታችኛ ጠርዝ ላይ፣ እንዲሁም ቀጥ ብሎ ከላይ ወደ ታች የሚቆርጠውን ብየዳ አስወግዱ፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ከመበየድ በፊት ባትሪውን ፍቱ።

የሆድ መከላከያውን ጠፍጣፋ ብረት በተመለከተ አቋሜ ጽኑ ነው፦ ትራንስፈር ኬዝ አይሸከም፣ ትራንስፈር ኬዝም አይሸከመው። ሁለቱን አንድ ያደረገ ንድፍ ቦታ ይቆጥባል፣ አውቃለሁ። መኪናው ድንጋይ ላይ ሲወድቅ ግን ሁለት ቶን ተኩል በዚያ ብረት በኩል ቀጥታ ወደ ቀፎው ይሄዳል። መከላከያው በራሱ መንገድ ሻንሲ ላይ ይታሰር፤ በእሱና በቀፎው መካከል አንድ ጣት ተኩል ያህል ክፍተት ይኑር፣ ብረቱ ሲጎነበስ ቀፎው ጋ እንዳይደርስ።

ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ነገር ቁጠሩ፣ ለኩ፣ እዩ። የመግቢያው ዘንግ ጥርስ ስንት ነው? በአንድ ስም የሚጠሩ ዕቃዎች ይለያያሉ፤ የጂፑ 231 ባለ 21ም ባለ 23ም አለ፤ የጄኔራል ሞተርሱ 205 ባለ 10፣ ባለ 27ና ባለ 32 ሆኖ ይገኛል። የቡሎኖቹ አቀማመጥስ? ያው 205 አንዱ ክብ፣ ሌላው እንደ ስምንት ቁጥር ነው። ሦስተኛው፣ የፊቱ መውጫ በየትኛው ጎን ነው? የፊት ዲፈረንሻላችሁ በግራ ሆኖ ትራንስፈር ኬዙ በቀኝ ከወጣ፣ ካርዳኑ በሞተሩ ስር ተሻግሮ መሄድ ስለማይችል ወይ አክስሉን ወይ ትራንስፈር ኬዙን ትለውጣላችሁ። ይህን ሳያይ ገዝቶ የመጣ ሰው ፊት ላይ የሚታየውን ኀዘን ደጋግሜ ስላየሁ ነው የማስጠነቅቃችሁ።

አዳፕተሩ ሲገጠም መሐሉ ከካምቢዮው ዘንግ መሐል ጋር መግጠሙን በዓይን አትመኑ። ዳያል ጌጅ (ባለ መርፌ መለኪያ) ዘንጉ ላይ አስራችሁ በእጅ አዙሩት። ለፍሪሲዮን ቤት የሚሠራበት ገደብ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው፤ እኔ ለአዳፕተርም ከዚያ አላልፍም። ከዚህ በላይ ከሆነ የመግቢያው ኩሽኔታ በየዙሩ ይገፋል፣ ኦይል ሲሉም (ዘይት እንዳይወጣ የሚዘጋው ቀለበት) በአንድ ጎኑ ይበላል።

አሁን ማዕዘን። ብዙ መኪና የሚያቃስተው እዚህ ነው።

አዲሱ ትራንስፈር ኬዝ ከድሮው ረዝሞ መውጫው ወደ ኋላ ከሄደ የኋላው ካርዳን ያጥራል። የትራንስፈር ኬዙ መውጫ ከዲፈረንሻሉ መግቢያ 20 ሴንቲ ሜትር ይበልጥ ይሁን። ካርዳኑ 100 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ 11.5 ዲግሪ ነው። 60 ሴንቲ ሜትር ሲሆን 19.5 ዲግሪ ሆነ። ክሮቼራ (የካርዳኑ ጫፍ መታጠፊያ መስቀል) በማዕዘን ሲዞር አንዱ ጫፍ በእኩል ፍጥነት ቢዞርም ሌላው ጫፍ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። በ11.5 ዲግሪ ልዩነቱ ወደላይም ወደታችም 2 በመቶ ነው፤ በ19.5 ዲግሪ 6 በመቶ። ማዕዘኑ እጥፍ እንኳን ሳይሞላ መዋዠቁ ሦስት እጥፍ አደገ። ካርዳኑ በደቂቃ 2,400 ጊዜ ቢዞር በሰከንድ 80 ጊዜ ይመታል፤ ወለሉ ላይ በእግራችሁ የምትሰሙት ጉርምርምታ እሱ ነው።

መድኃኒቱ ሁለተኛው ክሮቼራ የመጀመሪያውን እንዲያካክስ ማድረግ ነው። የትራንስፈር ኬዙ መውጫና የዲፈረንሻሉ መግቢያ ትይዩ ይሁኑ፤ አንዱ 3 ዲግሪ ወደ ታች ካየ ሌላው 3 ዲግሪ ወደ ላይ ይመልከት፣ ልዩነታቸው ከ1 ዲግሪ አይለፍ። የካርዳኑ ሁለት ሹካዎችም አንድ መስመር ላይ ይሁኑ፤ ካርዳኑ ሲፈታ ምልክት ሳይደረግበት ተመልሶ አንድ ጥርስ አዛብቶ የገባ ስንት አይቻለሁ። ማዕዘኑ ትልቅ ከሆነ በትራንስፈር ኬዙ በኩል ድርብ ክሮቼራ ይገባል። በዚያን ጊዜ ትይዩ የሚለው ሕግ ይቀራል፤ የዲፈረንሻሉ መግቢያ ቀጥታ ወደ ካርዳኑ ያይና፣ ባሌስትራው በጉልበት ሲጠቀለል አፍንጫው ስለሚነሣ 1 ወይም 2 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ይጀምራል።

ሆዱን ለማስተካከል ትራንስፈር ኬዙን በመግቢያው ዙሪያ ወደ ላይ ማዞር የሚወዱ አሉ። መሬት ርቀት ታተርፋላችሁ፣ እውነት ነው። የፊቱ መውጫ ግን አብሮ ይነሣል፤ የፊት ካርዳን ማዕዘን ይጨምራል፣ ካርዳኑ ወለሉን ወይም የካምቢዮውን ዘይት ቤት ሊነካ ይችላል። ዘይት መሙያው ቀዳዳም ቦታውን ይለውጣል፤ በድሮው ቀዳዳ ልክ የተሞላ ዘይት በአዲሱ አቀማመጥ የላይኛውን ኩሽኔታ ላይደርስ ይችላል። ካዞራችሁት ደረጃውን እንደገና አስሉ።

ስለ ዘይት ከተነሣ አይቀር አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንድ መኪና "ትራንስፈር ኬዙ በየወሩ ዘይት ይጨርሳል፣ መሬት ላይ ግን ጠብታ የለም" ተብሎ መጣ። ስር ገባሁ፤ ሁሉም ደረቅ ነው። የካምቢዮውን መሙያ ስከፍተው ዘይት ፈሰሰብኝ፤ ከልኩ እጅግ ልቆ ሞልቷል። በሁለቱ መካከል ያለው አንዱ ኦይል ሲል ተገልብጦ ስለገባ ትራንስፈር ኬዙ ቀስ እያለ ወደ ካምቢዮው ይጠጣ ነበር። ሁለቱ ዘይቶች የተለያዩ ሲሆኑ ደግሞ ይብሳል፤ አንዱ 80-90 የማርሽ ዘይት፣ ሌላው የአውቶማቲክ ካምቢዮ ቀይ ዘይት ከሆነ ሁለቱም ይበላሻሉ። የሲሉ ከንፈር ዘይቱ ወዳለበት ይዙር፤ በሁለቱ በኩል ዘይት ካለ ሁለት ሲል ጀርባ ለጀርባ ይግባ።

የመተንፈሻውን ቱቦ ከፍ አድርጋችሁ ውሰዱት፤ የጋለ ሣጥን ቀዝቃዛ ውኃ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይሸማቀቅና በሲሉ በኩል ውኃ ይስባል። የማርሽ ዘንጉ መቀመጫ ሣጥኑ ላይ ይሁን እንጂ ወለሉ ላይ አይሁን፤ ሣጥኑ በላስቲክ ሲነቃነቅ ወለል ላይ የታሰረ ዘንግ ከሎው አስፈንጥሮ ያወጣል። ኬብል ከሆነ ይህ ችግር የለበትም። አንድ ደግሞ ለሕይወት የሚያሰጋ አለ፦ ትራንስፈር ኬዙ ኒውትራል ላይ ከሆነ ካምቢዮው ማርሽ ላይ ወይም ፓርክ ላይ ቢሆንም መኪናው ይንከባለላል። የእጅ ፍሬኑ የሚሠራ ሳይሆን፣ ጎማውም ሳይታገድ ማንም ስር አይግባ።

የመግጠሚያው ቀን ሲመጣ በባዶ ቀፎ ልምምድ አድርጉ፤ ውስጡ የወጣለት አሮጌ ቀፎ ካገኛችሁ ወርቅ ነው፣ 60 ኪሎ ደጋግሞ ማንሣት ወገብ ይሰብራል። መኪናው በጎማው ቆሞ፣ ክብደቱ ባሌስትራው ላይ ሆኖ አግዳሚውን በነጥብ ብየዳ ብቻ ያዙት። ከዚያ ማዕዘኖቹን ለኩ። ቀጥሎ አንዱን ጎማ በክሪክ አንሥታችሁ ባሌስትራው እስከ ጥግ ይጨመቅ፣ ሌላው እስከ ጥግ ይንጠልጠል። ሲጨመቅ ካርዳኑ ውስጥ የሚንሸራተተው ጥርስ ቢያንስ 25 ሚሊ ሜትር ቦታ ይቅርለት፤ ካላስቀራችሁለት ካርዳኑ እንደ መዶሻ የትራንስፈር ኬዙን ጀርባ ይመታል። ሲንጠለጠል ደግሞ ጥርሱ ተስቦ እንዳይወጣ እዩ። የፊቱ ካርዳን የት ይነካል? መብራት ይዛችሁ ዙሩበት። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው ሙሉ ብየዳው። እውነተኛው ሣጥን ሲነሣ በካምቢዮ ክሪክ ላይ በቀበቶ ታስሮ ይነሣ፤ ደረቱ ላይ ተሸክሞ የሚያስገባ ጎበዝ አለ፣ እባካችሁ አትፍቀዱለት።

ገጥማችሁ ስትጨርሱ እያንዳንዱን ቡሎን ካጠበቃችሁ በኋላ በነጭ ቀለም ከራሱ ላይ እስከ ቀፎው አንድ ቀጭን መስመር አስምሩበት። አግዳሚው፣ አዳፕተሩ፣ የጥምዘዛው ክንድ፣ የካርዳኑ ፍላንጆች፣ አንድም አይቅር። ፎር ዊል ገብቶ ሳለ የደረቀ አስፋልት ላይ አትሞክሩት፤ መካከለኛ ዲፈረንሻል የሌለው ሣጥን እዚያ ራሱን ያስራል፣ የምትሰሙት ድምፅም ያሳስታችኋል። አፈር ላይ ውሰዱት፤ መጀመሪያ በሃይ፣ ቀጥሎ በሎው፣ ነዳጅ እየሰጣችሁና እየለቀቃችሁ። ረዳታችሁ በጎን ቆሞ ሣጥኑ ስንት እንደሚነቃነቅ ይይ። ከዚያ ተመልሳችሁ ስር ግቡ፤ ሙቀቱን በእጅ ጀርባ ቀርባችሁ ፈትሹ፣ ነጩን መስመር አንድ በአንድ እዩ። የአንዱ መስመር ከተሰበረ ቡሎኑን አጥብቃችሁ ብቻ አትለፉ፤ የትኛው ፊት እንደተንሸራተተ ፈልጉ። ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላም እንደገና ግቡ። ያ ቁራጭ ብረት የመጣበት መኪና ላይ ነጭ መስመር አልነበረም፤ የላላው ቡሎን ዙሪያ ግን ቀዩ የብረት ዱቄት ክብ ሠርቶ ለወራት ተቀምጦ ነበር። ስር ገብቶ ያየው ሰው አልነበረም እንጂ።

አሁን ቁራጩ ወደ እኔ ይመለስ፤ ጥያቄ ያለው እጁን ያንሣ።